ቁርስ ከቆረሰ

ቁርስ የሚለው ስም «ቆረሰ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። ዳቦው በእጅ ይቆረሳል፤ ቁራሹም ለየአፉ ይዳረሳል። አማርኛ የጠዋቱን ማዕድ ሲሰይም ሰዓቱን አልጠራም፤ የእህሉንም ዓይነት አልጠቀሰም። የጠራው የእጅን ሥራ ነው። ይህ ያለ ምክንያት የሆነ እንዳይመስለን፣ በጠዋት ገበታ ላይ የሚቀርቡትን የሌሎቹንም ምግቦች ስም እንመርምር። ፍርፍር ከፈረፈረ መጣ፤ ፍትፍት ከፈተፈተ። ጨጨብሳ ከኦሮምኛ የተቀበልነው ስም ነው፤ «ጨብሱ» መስበር ሲሆን፣ ቃሉ ሲደጋገም ደግሞ መሰባበር ይሆናል። ፈጢራ የዐረብኛ ቤተሰብ ነው፤ ሥሩ መሰንጠቅንም፣ ጾም መፍታትንም ያመለክታል፤ ዐረቦች ቁርስን የሚጠሩበት ቃልም ከዚያው ሥር የበቀለ ነው። እነሆ ሦስት ቋንቋዎች በአንድ ትሪ ዙሪያ ተቀምጠው አንድ ነገር ተናገሩ፤ የጠዋት ምግብ ማለት ሙሉው ተሰብሮ ለብዙ የሚዳረስበት ነው።

ውድ አንባብያን፣ የዚህች መጣጥፍ ሐሳብ አጭር ናት። ቋንቋ እንወዳለን፣ ሥነ ጽሑፍ እናፈቅራለን የምንል ሰዎች፣ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጠዋት የአገራችንን ቁርስ በገዛ ቤታችን፣ በገዛ እጃችን መሥራት ይገባናል። ምክንያቱ ናፍቆት አይደለም፤ «የጥንቱ ሁሉ ጥሩ ነበር» ለማለትም አይደለም። ምክንያቱ የምንጽፍበት ቋንቋ ግማሽ አካሉ ጓዳ ውስጥ ያደገ መሆኑ ነው።

ይህን የሚጠራጠር ሰው የራሳችንን የሂስ ቃላት ያስተውል። አንድ ድርሰት ሲደክምብን «ያልበሰለ» እንለዋለን። ደራሲው ለሐሳቡ ጊዜ እንዳልሰጠው ስንናገር «አላብላላውም» እንላለን፤ ይህ የቡሖ ቃል ነው። ጠርቶ የወጣውን «የነጠረ ሐሳብ» ብለን እናመሰግናለን፤ ይህ የቅቤ ቃል ነው። በማያገባው ገብቶ የሚያተራምሰውን «ምን ይፈተፍታል?» ብለን እንገሥጻለን። ለአንባቢው ምንም የሚያስብበት ነገር ሳይተው ሁሉን አብራርቶ የሚጨርሰውን ጸሐፊ ደግሞ «ፈትፍቶ አጎረሰን» ብለን እናማዋለን። እነዚህ ሁሉ ዘይቤዎች የተወለዱት በምድጃ ዳር ነው። አሁን ልጠይቅ። ንጥር ቅቤን በሱቅ መደርደሪያ ላይ በፕላስቲክ ዕቃ ታሽጎ ብቻ የሚያውቅ ወጣት አንባቢ «የነጠረ ሐሳብ» ሲባል ምን ይታየዋል? ለጋ ቅቤ በዝግታ እሳት ላይ ሲቀልጥ፣ ኮሰረቱና ኮረሪማው፣ አብሹና እርዱ ሲገባበት፣ ነጩ አረፋ ሲነሣ፣ ዝቃጩ ከታች ሲቀርና ወርቅ የመሰለው ከላይ ሲቀዳ ያላየ ሰው ቃሉን ሊያነብበው ይችላል፤ ሥዕሉ ግን አይታየውም። ሥዕሉ የጠፋበት ዘይቤ ደግሞ ዘይቤነቱ ቀርቶ ባዶ ድምፅ ይሆናል።

ከምግቦቻችን ሁሉ ቁርስን የመረጥሁት መግቢያው ቀላል ስለሆነ ነው። ዶሮ ወጥ ቀን ይጠይቃል፤ እንጀራ መጋገር ልምድ ይጠይቃል። ቁርስ ግን ለጀማሪ ይራራል። ከፍርፍር እንጀምር።

ፍርፍር የትናንት ልጅ ነው። ጤፉ ተበራይቶ፣ ተነፍቶ፣ ተፈጭቶ፣ በእርሾ ተቦክቶ፣ ለቀናት ተብላልቶ፣ አብሲት ተጥሎበት፣ ምጣዱ በማሰሻ ታስሶ የተጋገረ እንጀራ ሲያድር ይደርቃል። ይህን ያህል ድካም የጠጣ ነገር ደረቀ ተብሎ አይጣልም። ስለዚህ ሁለት ራስ ሽንኩርት በደቃቁ ተከትፎ መጀመሪያ ያለ ዘይት ይቁላላል፤ ከዚያ ዘይትና አንድ ወይም ሁለት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ይከተላል፤ በርበሬው እንዳያርር ውሃ ጠብ ጠብ እየተደረገ ይታሻል። ቁሌቱ ሲደርስ አንድ ብርጭቆ ያህል ውሃ ተጨምሮ ይንተክተክ፤ ጨው ይግባ። በመጨረሻ ሁለት እንጀራ በእጅ ተቆራርሶ ይገባና አንዴ ሁለቴ ይገላበጣል። ትኩስ እንጀራ ለዚህ አይሆንም፤ ይላቁጣል። ፍርፍር ያደረ እንጀራ ይወዳል፤ ፀሐይ ላይ ደርቆ ድርቆሽ የሆነውንም ይቀበላል። ጸሐፊ የሆነ ሰው ይህን ከማንም ይልቅ ሊረዳው ይገባል፤ ትናንት የተጻፈ ገጽ ዛሬ ካልተሰባበረና እንደ ገና እሳት ካላየ መቼ ለሰው ቀርቦ ያውቃል?

ስለ ፍርፍርና ስለ ፍትፍት ልዩነት ብዙ ክርክር ይሰማል። በብዙ ቤት እሳት ላይ የሚገላበጠው ፍርፍር፣ ወጥ ወይም ሌላ ማባያ ፈስሶበት በእጅ የሚታሸው ፍትፍት ይባላል። የቲማቲም ፍትፍት እሳት ሳያይ ይቀርባል፤ ቲማቲሙ፣ ቃሪያው፣ ሽንኩርቱ፣ ሎሚውና ዘይቱ ብቻ ይበቁታል። አንባቢ በቤቱ የለመደውን ስም ይያዝ፤ ክርክሩም ይቀጥል። ሁለት ቃል ያለው ቋንቋ አንድ ቃል ካለው ይሻላልና።

ጨጨብሳ ከፍርፍር ይልቅ ይቀላል፤ እርሾ አያሻውም። ሁለት ብርጭቆ የስንዴ ዱቄት ከቁንጥር ጨው ጋር በውሃ ይለወሳል፤ ሊጡ ለስላሳ ሆኖ በእጅ የሚዘረጋ ይሁን። ቂጣው በጋለ ምጣድ ወይም በመጥበሻ ላይ በሁለቱም ገጽ ይጋገርና ሳይቀዘቅዝ በጣት ይቆራረሳል። ቀልጦ በሞቀ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ውስጥ አንድ ማንኪያ በርበሬ ተበጥብጦ ይፈስስበትና ይታሻል። ማር የሚጨምሩበትም አሉ። ከአዲስ አበባ እስከ ወለጋና አርሲ ድረስ ይህ ምግብ በብዙ ቤት ይበላል፤ አማርኛ ተናጋሪውም «ቂጣ ፍርፍር» ብሎ በራሱ ቃል ሲጠራው ኖሯል። ፈጢራን ደግሞ በሐረርና በድሬዳዋ ጠዋት ማግኘት ይቻላል፤ እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ የተዘረጋው ሊጥ እንቁላል ሲታጠፍበት፣ ማርም ሲፈስስበት። አብሮት የሚቀርበው ፉል ስሙም ሥራውም ከግብፅና ከሱዳን ጋር ያዛምደናል። እንግዲህ በአንድ ጠዋት ገበታ ላይ የሚቀመጥ ሰው፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ ከጎረቤቱ ቋንቋ እየቆረሰ ይበላል። በመድረክ ላይ «የእኔ፣ የአንተ» እየተባለ የሚደረገው ሙግት ጠዋት በትሪው ላይ ቦታ የለውም። ቅቤው የገባበትን ቂጣ ዘር ጠይቆ የሚጎርስ ሰው አይገኝም።

ገንፎ ትዕግሥት ይጠይቃል። ገብሱ ተፈትጎ፣ ታምሶ ይፈጫል። ሁለት ብርጭቆ ውሃ ከጨው ጋር ሲንተከተክ ጥቂቱ ለብቻ ይቀዳና፣ አንድ ብርጭቆ ያህል ዱቄት ይገባል። ከዚያ በኋላ ማማሰያውን ከእጅ ማኖር የለም። ዱቄቱ እንዳይጓጉል እየታሸ፣ የተቀዳው ውሃ በጥቂት በጥቂቱ እየተመለሰለት፣ ከሩብ ሰዓት ያላነሰ ይማሰላል። ሲበስል በሳሕን ላይ እንደ ኮረብታ ይቆለልና መካከሉ ይጎደጉዳል፤ በጉድጓዱ ቅቤና በርበሬ ይፈስሳል። ዙሪያውን እርጎ የሚያደርጉለትም አሉ። ተመጋቢው ከዳር እየቆረሰ ወደ መካከል ያጠቅሳል። ግድቡን ቸኩሎ የሚንድ ሰው ቅቤውን ወደ ራሱ ጎን ያፈስሳልና፣ ገበታው ራሱ ሥርዓት ያስተምራል፤ የሁሉ የሆነው ነገር መካከል ላይ ነው፣ እስከ መጨረሻውም ሊጠበቅ ይገባዋል።

ገንፎ ከልደት ጋር የተቆራኘ መሆኑን ማንም አይስተውም። ሴት ስትወልድ የጎረቤት ሴቶች «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያሉ ይሰበሰባሉ፤ ገንፎ ይገነፋል፤ አራሷም ጠያቂዎቿም ይቀምሳሉ። እንዲህ ስናየው ብዙዎቻችን ወደዚህ ዓለም የገባነው በገንፎ ሽታ መካከል ነው። የገንፎ ወሬ ያልገባበት የልቦለድ ልደት ሲያጋጥመኝ፣ ደራሲው ከደጅ ቆሞ የጻፈው ይመስለኛል።

ቅንጬ ከሁሉ የሚቀለው ነው። የተከካ ስንዴ አንድ ብርጭቆ ይታጠባል፤ ሦስት ብርጭቆ ያህል ውሃ ሲፈላ ከጨው ጋር ይገባል፤ ውሃውን እስኪመጥ ድረስ ሃያ ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ከእሳት ሲወርድ ቅቤ ይጣልበታል። በአጃም በገብስም ይሠራል። በሶ ደግሞ እሳት አያሻውም፤ የተቆላ ገብስ ዱቄት ነውና በውሃና በጨው ቢለወስ ጭብጦ፣ ቢበጠበጥ መጠጥ ይሆናል። ጭብጦም ከጨበጠ የመጣ ነው፤ እዚህም እጅ አለ። በሰዋስው ምሳሌነት ትውልድን ሁሉ ያስተማረው ያ ስመ ጥር በላተኛ የበላው በሶ መሆኑን ማን ይዘነጋል? ዛሬ ግን ያንን ዓረፍተ ነገር አቀላጥፎ እየተናገረ በሶ ቀምሶ የማያውቅ የከተማ ልጅ ማግኘት አይቸግርም። ባለቤትና ማሰሪያ አንቀጽ ተማረ፤ ተሳቢው ግን አመለጠው።

ወደ ደቡብ ስንወርድ የእንሰት አገር ይቀበለናል። በጉራጌ፣ በሲዳማ፣ በሀዲያ፣ በከምባታ ከእንሰቱ ተፍቆ ከሚጨመቀው ፈሳሽ ዘቅጦ የሚገኘው ነጭ ቡላ በቅቤ ሲማሰል፣ ለልጅም ለሽማግሌም የሚስማማ ቁርስ ይሆናል። እንሰት ለመድረስ ዓመታት የሚፈጅ ተክል ነውና፣ አንድ ሳሕን የቡላ ገንፎ የብዙ ክረምት ሥራ ነው።

ቁርስ ዘወትር የማይገኝ ማዕድ መሆኑም አይዘንጋ። የኦርቶዶክስ ክርስቲያን ቤት ረቡዕና ዓርብ የጠዋቱን ገበታ ያጥፋል፤ በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናትም ከቅዳሜና ከእሑድ በቀር ቁርስ የሚባል ነገር አይነሣም። በረመዳን የሙስሊሙ ቤት ጠዋቱን ወደ ሌሊት ይመልሰዋል። ስለዚህ ቁርስ የቀን መቁጠሪያ የሚሰጠውና የሚነሣው ነገር ነው፤ ሲመለስም በክብር ይመለሳል። በትንሣኤ ሌሊት ከቅዳሴ በኋላ፣ ዶሮ ሲጮኽ ጾም የሚገደፍበት ገበታ ከዓመቱ ቁርሶች ሁሉ የሚልቀው ለዚህ ነው። በሌላውም የጾም ቀን፣ ቀትር ካለፈ በኋላ፣ ፍርፍሩም ቅንጬውም በዘይት ይሠራል። ቅቤ ስለ ሌለ ምግቡ አይቀርም።

አሁን ወደ ተቃውሞው ልምጣ። ሦስት መልስ እንደሚጠብቀኝ አውቃለሁ። የመጀመሪያው «ጊዜ የለም» የሚል ነው። በከተማ ሠራተኛው ገና ሳይነጋ ለታክሲ ይሰለፋል፤ ቁርሱ በመንገድ የተገዛ ዳቦና ሻይ ወይም ብስኩት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ፣ ብቻውን ይበላዋል። ይህን ሰው በየቀኑ ገንፎ አገንፋ ማለት ግፍ ይሆናል። ስለዚህ ነው በሳምንት አንድ ጠዋት ያልሁት። ሁለተኛው «ውድ ነው» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ጤፍና ቅቤ ከብዙ ቤት አቅም በላይ እየሆኑ ነው። ነገር ግን ከዘረዘርኋቸው ውስጥ ፍርፍር ያደረውን የሚያድን፣ በሶና ቅንጬም በትንሽ ዱቄትና በትንሽ ክክ የሚሠሩ ናቸው። የቁርሳችን ጥበብ ገና ከጥንቱ የእጥረት ጥበብ ነበር።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይከብዳል፤ ትክክልም ነው። «የቤት ቁርስ ይሠራ ስትል ማን እንዲሠራው ነው?» የሚል ነው። እስከ ዛሬ የሠራችው እናት ናት፣ ሚስት ናት፣ እህት ናት፤ ከሁሉ ቀድማ ተነሥታ ከሁሉ ኋላ የምትቀምሰው። ወንዱ ጋዜጣውን ወይም መጽሐፉን ይዞ ሲቀመጥ በጭስ የነደደው የእርሷ ዓይን ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ተቀጥረው የሰው ቤት ቁርስ እየሠሩ የሚያነጉ እህቶቻችንም አሉ፤ የራሳቸውን ጠዋት ለማን እንደ ቆረሱት እነርሱ ያውቃሉ። «ወንድ በችሎት፣ ሴት በማጀት» የሚለውን ተረት ይዘን «ባህላችን እንዳይጠፋ» ብንል፣ ባህል ብለን የምንጠራው የሌላ ሰው ድካም ነው። ስለዚህ የእኔ ጥሪ በመጀመሪያ ለወንዶች ነው፤ በተለይም ብዕር ለያዙት። ባልትና የሚለው ቃል ዛሬ በየመንገዱ የሱቅ ማስታወቂያ ሆኗል፤ «የባልትና ውጤቶች» እንላለን። ቃሉ የዕውቀት ስም ነበር፤ የዕቃ ስም እየሆነ ነው። ዕውቀቱን ለመመለስ ማማሰያውን መጨበጥ ያለበት ገና ያልጨበጠው እጅ ነው። ያን ጊዜ ወንዱ ጸሐፊ ስለ እናቱ ሲጽፍ የጭሱን ውበት ብቻ ሳይሆን የጭሱን መቆጥቆጥም ይጽፈዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ የፈጠራ መብት በማግኘቱ ብዙዎቻችን ተቆጥተን ነበር፤ ቁጣውም ተገቢ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የሄግ ፍርድ ቤት በኔዘርላንድስ የተያዘውን ያንን መብት ውድቅ አደረገው። ደስ አለን። ይሁን እንጂ ፍርድ ቤት ሊመልስልን የሚችለው ሌላው የወሰደብንን ነው፤ እኛው የተውነውን የሚያስመልስልን ችሎት የለም። መዝገበ ቃላትም ቢሆን ብቻውን አይበቃም። በ1962 ዓ.ም. የታተመው የደስታ ተክለ ወልድ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ቃሎቻችንን በትጋት ሰብስቦ አቆይቶልናል። ነገር ግን ገንፎ መድረሱን የሚያውቀው አንጓ ነው፤ ምጣድ መጋሉን የሚለየው ጆሮ ነው፤ በርበሬ ሊያርር መሆኑን የሚሰማው አፍንጫ ነው። ይህን ወረቀት አይዘውም። ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ አንድ ትውልድ ከዘለለው ደግሞ ይቋረጣል።

በውጭ አገር ላሉት ወገኖቻችን ነገሩ ይበልጥ ይጨክናል፤ ነገር ግን መንገድ አለ። ጤፍ በአሜሪካ አይዳሆ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይመረታል። በዓረብና በቱርክ ሱቆች የሚሸጠው ቡርጉል አስቀድሞ የተቀቀለ ቢሆንም ለቅንጬ ያገለግላል። ለጨጨብሳ የሚያስፈልገው ዱቄትና መጥበሻ ደግሞ የትም ይገኛል። በዚያ ያደገ ልጅ አማርኛውን በቅዳሜ ትምህርት ቤት በሰሌዳ ላይ ብቻ ከሚማረው ይልቅ፣ እሑድ ጠዋት «ቁረስ፣ ፈርፍር፣ እሸው፣ አማስለው» እየተባለ ቢማረው ይሻለዋል። ትእዛዝ አንቀጽ እንደዚህ በቀላሉ የሚገባበት ሌላ ክፍል አላውቅም።

«ከፍትፍቱ ፊቱ» ይላል ተረታችን። ከሚቀርበው ምግብ ይልቅ የአቅራቢው ፊት ይበልጣል ማለት ነው፤ ድንቅ አባባል ነው። ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው ግን ምግቡን ለማናናቅ ነው። ተረቱ ፍትፍቱን አላስቀረም። ፍትፍቱ ቀርቧል፤ ሰውዬው ፈትፍቷል፤ እጁ ወጥ ነክቷል፤ ፊቱ የበለጠው ከዚያ በኋላ ነው። ፍትፍቱ ከነጭራሹ ከቀረ ፊቱ ከምን ሊበልጥ ነው? ንጽጽሩም አብሮ ይቀራል፤ ተረቱም ትርጉም የሌለው ቃል ይሆናል። ተረቱን የምንወድ ሁሉ እንግዲህ በመጪው እሑድ ማለዳ ሁለት እንጀራ እናሳድር።

መልካም ቁርስ፤ ቸር እንሰንብት።